የብራውዘር አመራረጥ፤ ስለ ፍጥነቱና ስለ ቅጥያው

በንግድ ሥራ የተሠማራ ሰው ሚዛን ሲገዛ ትክክለኛነቱን፣ የጭነት መኪና ሲገዛ የሞተሩን ኃይልና የመለዋወጫውን መገኘት፣ መጋዘን ሲከራይም የበሩን ጥንካሬና የዘበኛውን ታማኝነት አስቀድሞ እንደሚመረምር የታወቀ ነው። በዛሬው ጊዜ ግን ከሚዛኑም ከመኪናውም ይበልጥ በየሰዓቱ የሚሠራበትን አንድ መሣሪያ ሳይመረምር ይዞት የሚኖር ነጋዴ እጅግ ብዙ ነው። ይኸውም የኢንተርኔት ገጾች የሚከፈቱበት፣ ብራውዘር ተብሎ የሚጠራው ፕሮግራም ነው። አስመጪው የውጭ አገር አቅራቢውን የዋጋ ዝርዝር የሚያነብበት፣ ላኪው የባንክ ሒሳቡን የሚመለከትበት፣ ባለሱቁ ደንበኛ የሚፈልግበት በዚሁ ነው። ሆኖም አብዛኛው ሰው ብራውዘሩን የመረጠው ራሱ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ሲገዛ አብሮ የመጣውን ወይም የኮምፒዩተር ጠጋኙ የጫነለትን ተቀብሎ ቀርቷል።

ለመምረጥ የሚደክሙትም ቢሆኑ ሁለት ነገር ሲጠይቁ ይሰማሉ። አንደኛው «የትኛው ይፈጥናል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የትኛው ብዙ ቅጥያ ይቀበላል?» የሚል ነው። ቅጥያ ማለት በተለምዶ ኤክስቴንሽን የሚባለው፣ በብራውዘሩ ላይ የሚታከል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ ማስታወቂያ ይከለክላል፣ አንዱ ይተረጕማል፣ አንዱ የይለፍ ቃል ይይዛል፣ ሌላውም የዕቃ ዋጋ ያወዳድራል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ከዓመት ወደ ዓመት ክብደቱ እየቀለለ የሄደ ሲሆን፣ ሁለተኛው የነጋዴውን ገንዘብና ምስጢር በቀጥታ የሚነካ እየሆነ መጥቷል። ስለዚህም በፍጥነቱ ላይ የሚጠፋው ክርክር ግማሹ እንኳ በቅጥያው ላይ ቢደረግ በተሻለ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ገበያው በማን እጅ እንዳለፈ

የመጀመሪያውን ብራውዘር በ1990 የሠራው በስዊስ አገር በሚገኘው በሴርን የምርምር ድርጅት ያገለግል የነበረው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው። ወደ ብዙ ሰው እጅ የደረሰው ግን ሞዛይክ የተባለው በ1993 ከአሜሪካው ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከወጣ በኋላ ነበር። ከሞዛይክ ሠሪዎች አንዱ የነበረው ማርክ አንድሪሰን ከጂም ክላርክ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ በ1994 ኔትስኬፕ ናቪጌተርን ለገበያ አቀረበ፤ ገበያውንም ወዲያው ያዘ። በ1995 ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን አወጣና ያለ ዋጋ ማደል ጀመረ፤ ቈይቶም ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ በየኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገባው። አንድ ባለሱቅ በዋጋ የሚሸጠውን ዕቃ የጎረቤቱ ባለጸጋ በነጻ ሲያድል ምን እንደሚደርስበት ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ ዳኛው ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰንም በ2000 ኩባንያው የፀረ ሞኖፖል ሕግ መጣሱን ፈረዱ። ፍርዱ ሲደርስ ግን ኔትስኬፕ በ1999 ለአሜሪካ ኦንላይን ኩባንያ ተሸጦ ገበያውን አጥቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለገበያ ተመልካች ትምህርት ያለው ነው። ተወዳዳሪ ያጣው ማይክሮሶፍት በ2001 ስድስተኛውን ኤክስፕሎረር ካወጣ በኋላ ሰባተኛውን እስከ 2006 ድረስ አላወጣም። አምስት ዓመት ሙሉ ዓለም በአንድ አሮጌ መሣሪያ ሲሠራ ቈየ። ይህንን ዝምታ የሰበረው ከኔትስኬፕ ፍርስራሽ የተነሣው ሞዚላ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ በኅዳር ወር 2004 ፋየርፎክስን አወጣ። ፋየርፎክስ ሰውን የሳበበት አንዱ ምክንያት ቅጥያ ነበር፤ ማንም ብልኅ ሰው የፈለገውን ጠቃሚ ነገር ሠርቶ በላዩ ላይ ሊቀጥልበት ቻለ። በመስከረም 2008 ደግሞ ጉግል ክሮምን ይዞ መጣ።

ክሮም ዝናውን ያገኘው በፍጥነቱ ነው፤ ዝናውም ከንቱ አልነበረም። በየገጹ ውስጥ ያለውን ጃቫስክሪፕት የተባለውን የትእዛዝ ቋንቋ ኮምፒዩተሩ በቀጥታ ወደሚረዳው ቋንቋ እየገለበጠ የሚያስኬድ ቪ ኤይት የተባለ ሞተር ተገጥሞለት ነበር። ከዚህም በቀር እያንዳንዱን ታብ ለብቻው ስላስኬደ፣ አንዱ ገጽ ቢበላሽ ሌላው ሳይነካ ይቀራል። ዋጋውም ሚሞሪ ነው፤ ብዙ ክፍል ያለው ቤት ብዙ መብራት እንደሚፈጅ ሁሉ፣ ብዙ ታብ የተከፈተበት ክሮም የኮምፒዩተሩን ሚሞሪ ይፈጃል። ተወዳዳሪዎቹም ያንኑ መንገድ ተከተሉ፤ ልዩነቱም ጠበበ።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ልዩ ልዩ ስም ይዘው ገበያ ላይ ካሉት ብራውዘሮች የሚበዙት በአንድ ዐይነት ሞተር የሚሠሩ መሆናቸው ነው። የኖርዌዩ ኦፔራ በ2013 የራሱን ሞተር ትቶ የጉግልን ክሮሚየም ተቀበለ። ማይክሮሶፍት ራሱ በታኅሣሥ 2018 ተመሳሳይ ውሳኔውን አስታውቆ በጥር 2020 አዲሱን ኤጅ በክሮሚየም ላይ ሠርቶ አወጣ። ብሬቭ፣ ቪቫልዲና የሳምሰንግ ስልኮች ብራውዘርም እንዲሁ ናቸው። ከዚህ ውጭ የቀሩት የፋየርፎክስ ጌኮ እና የአፕል ዌብኪት የተባሉት ሞተሮች ናቸው። በአይፎን ስልክ ላይ ደግሞ፣ እንደ ኤውሮፓ ኅብረት ባሉ አንዳንድ ቦታዎች ከ2024 ጀምሮ ከተደረገው ለውጥ በቀር፣ ማንኛውም ብራውዘር በአፕል ዌብኪት እንዲሠራ ይገደዳል። እንግዲህ በአይፎኑ ላይ ሳፋሪን ትቶ ክሮምን «ስለሚፈጥን» ያወረደ ሰው የለወጠው ቀለሙን እንጂ ሞተሩን አይደለም።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል?

የፍጥነት ውድድር ቀርቷል ማለት አይደለም። አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ በአንድነት የሠሩት ስፒዶሜትር የተባለው መመዘኛ ሦስተኛ እትሙ በመጋቢት 2024 ወጥቷል፤ በዚህም ላይ አንዱ ሌላውን በጥቂት ሲበልጥ፣ ደግሞ በሚቀጥለው ማሻሻያ ሲበለጥ ይታያል። ነገር ግን ይህ ልዩነት በመመዘኛው ላይ እንጂ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ብዙ አይታይም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅቡቲ ለሚደርስ የጭነት መኪና በሜዳው ላይ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር መብለጡ በኬላው ወረፋ ሁለት ቀን ከቆመ ምን ይጠቅመዋል? የኢንተርኔቱም ኬላዎች ሌሎች ናቸው። አንደኛው የመሥመሩ ደካማነት ነው፤ ሁለተኛው የኮምፒዩተሩ ሚሞሪ ማነስ ነው፤ ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የገጹ ሸክም ነው። ነጋዴው ሊያነብብ የፈለገው አንድ ገጽ ጽሑፍና ሁለት ሥዕል ሆኖ ሳለ፣ ከዚያው ጋር ከብዙ ልዩ ልዩ ቦታ የሚመጣ ማስታወቂያና ሰውን እየተከታተለ የሚመዘግብ ፕሮግራም አብሮ ይጫናል። ለዚህም ሁሉ የመሥመር ሒሳብ የሚከፍለው አንባቢው ነው።

ስለዚህ ፍጥነትን በወሬ ከመወሰን ይልቅ በራስ ሥራ መፈተን ይሻላል። ለዚህም ብዙ ብልኀት አያስፈልግም፤ ሁለት ብራውዘሮች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ፣ ሌላውን ሁሉ ዘግቶ፣ ነጋዴው በየቀኑ የሚከፍታቸውን አምስትና ስድስት ገጾች፣ ማለትም የባንኩን፣ የጉምሩኩን፣ የአቅራቢውን፣ የመርከብ ድርጅቱን፣ በተራ መክፈትና በሰዓት መመልከት ነው። በክሮምና በኤጅ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ የትኛው ታብና የትኛው ቅጥያ ምን ያህል ሚሞሪ እንደሚወስድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይከፈታል። ይህንን ሠንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መዘግየቱ ከብራውዘሩ ሳይሆን ከሳምንት በፊት ከፍቶ ከረሳቸው ታቦችና መቼ እንደ ጫናቸው ከማያስታውሳቸው ቅጥያዎች መሆኑን ነው።

በነጻ የሚሰጠውን ዕቃ ማን ይከፍልበታል?

ነጋዴ ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው። ክሮምም፣ ኤጅም፣ ፋየርፎክስም ያለ ዋጋ የሚሰጡ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ጉግልን በከሰሰበት ችሎት በ2023 እንደ ተገለጠው፣ ጉግል በየብራውዘሩና በየስልኩ ላይ የመፈለጊያው ገጽ አስቀድሞ ተመርጦ እንዲቀመጥለት በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ገንዘቡም የሚመለሰው ከማስታወቂያ ነው። ዳኛው አሚት ሜታ በነሐሴ 2024 ጉግል በፍለጋ ገበያ ላይ ሕገ ወጥ ሞኖፖል ይዟል ብለው ወሰኑ፤ በመስከረም 2025 ግን ክሮምን እንዲሸጥ ሳያስገድዱት ቀሩ። ለሕዝብ ጥቅም እንደሚሠራ የሚናገረው ሞዚላም ቢሆን ከገቢው የሚበዛውን የሚያገኘው ከዚሁ ከጉግል ክፍያ ነው፤ ይህ ለወዳጆቹ ደስ የሚል ወሬ ባይሆንም እውነት ነው።

እንግዲህ ብራውዘሩ መደብር ከሆነ ኪራዩን የሚከፍለው ማስታወቂያ ነው ማለት ነው። ይህም ከታች ለሚነገረው ስለ ማስታወቂያ ከልካይ ቅጥያዎች ክርክር መነሻ ነው።

ቅጥያው ቁልፍ እንደ ያዘ ሠራተኛ ነው

አንድ ሰው ቅጥያ ሲጭን ብራውዘሩ አንድ ማስጠንቀቂያ ያሳየዋል። ይህ ቅጥያ በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃ ሁሉ ሊያነብብና ሊለውጥ ይችላል የሚል ነው። ሰው ሁሉ አይቶ ያልፈዋል። ነገር ግን የቃሉ ትርጕም እንዳለ ሊወሰድ የሚገባው ነው፤ «ሁሉም» ሲል የባንኩንም ገጽ፣ የጉምሩኩንም ማመልከቻ፣ የደብዳቤውንም ሣጥን ማለቱ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ መታመኛ አለ። ብዙ ሰው በአድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት ሲያይ የሚሠራው ሁሉ የተሰወረ ይመስለዋል። ምልክቱ የሚለው መረጃው ከባንኩ ተነሥቶ እስከ ብራውዘሩ ድረስ ታሽጎ መምጣቱን ብቻ ነው፤ በመርከብ እንደሚመጣ ኮንቴነር በመንገድ ላይ ማኅተሙን የሚሰብረው የለም። ቅጥያው የሚቆመው ግን በመንገዱ ላይ አይደለም። ማኅተሙ ከተፈታ በኋላ ዕቃው በሚራገፍበት መጋዘን ውስጥ፣ ከነጋዴው ጐን ቆሞ ነው። ስለዚህ የሒሳቡን ቀሪ ነጋዴው ሲያነብብ እርሱም ያነባል፤ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ እርሱም ያያል፤ ክፉ አሳብ ካለው የሚከፈልበትን የሒሳብ ቍጥር በገጹ ላይ ለውጦ ሊያሳይም ይችላል።

«እኔ የጫንሁት የታወቀ፣ ብዙ ሰው ያመሰገነው ነው» የሚል መልስ ይሰማል። የሚከተለው ታሪክ ለዚህ መልስ የሚሆን ነው። ግሬት ሰስፔንደር የተባለ አንድ ቅጥያ ነበር፤ ሥራውም ተከፍተው ሥራ ፈት የተቀመጡትን ታቦች እያስተኛ ሚሞሪ ማዳን፣ ኮምፒዩተሩንም ማፍጠን ነበር። ሐቀኛ ሥራ ነበርና ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ጫኑት። ሠሪው በሰኔ 2020 ቅጥያውን ማንነቱ ላልተገለጠ ሰው ሸጠው። ገዢው የገዛው ፕሮግራሙን ብቻ አልነበረም፤ የሁለት ሚሊዮን ሰዎችን በር የሚከፍት ቁልፍ ገዛ እንጂ። በየካቲት 2021 ጉግል ቅጥያው ጎጂ ነገር ይዟል ብሎ ከመደብሩ አስወገደው፤ በየሰዉም ኮምፒዩተር ላይ እንዳይሠራ አደረገው። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ያጠፉት ጥፋት ምንድን ነው? ፍጥነት ፈልገው በዘመኑ ሐቀኛ የነበረ ዕቃ መውሰዳቸው ብቻ ነው። አንድ ሱቅ ባለቤቱ ሲለወጥ ደንበኛው ሚዛኑን ደግሞ ያያል፤ ቅጥያ ባለቤቱ ሲለወጥ ግን ለደንበኛው የሚነግር የለም፤ ማሻሻያው በራሱ ጊዜ ይገባል።

ሽያጭ ሳይኖርም ተመሳሳይ ጕዳት ሊደርስ እንደሚችል ሳይበርሄቨን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ የደረሰው ያስረዳል። ይህ ኩባንያ ንግዱ የሌሎች ድርጅቶችን መረጃ መጠበቅ ነው። በ2024 በፈረንጆች ገና ዋዜማ አንድ ሠራተኛው ከክሮም መደብር የመጣ በሚመስል ደብዳቤ ተታለለ፤ በማግሥቱ በኩባንያው ስም የተበከለ ማሻሻያ ወጣና ለደንበኞቹ በራሱ ጊዜ ተዳረሰ። ለአንድ ቀን ያህል ከቈየ በኋላ ተደረሰበት። ሲመረመርም ሌሎች ከሠላሳ የሚበልጡ ቅጥያዎች በተመሳሳይ ዘዴ መነካታቸው ተገለጠ። ሌቦቹ በተለይ ይፈልጉት የነበረው በፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ የሚያወጡ ሰዎችን ሒሳብ፣ ማለትም ነጋዴዎችን ነበር።

የቅጥያ ገበያ ትንሽ አለመሆኑን ለመረዳት ደግሞ አንድ ቍጥር ይበቃል፤ ለገዢዎች የቅናሽ ቁጥሮችን እየፈለገ የሚያቀርበውን ሀኒ የተባለውን ኩባንያ ፔይፓል በ2020 መጀመሪያ በ4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገዝቶታል። በነጻ የሚሰጥ ዕቃ ይህን ያህል ዋጋ ማውጣቱ የሚያሳስብ ነው።

ስለ ማስታወቂያ ከልካዮች የተነሣው ክርክር

ከቅጥያዎች ሁሉ ፍጥነትን በእውነት የሚጨምር አንድ ዐይነት ቢኖር ማስታወቂያ ከልካዩ ነው፤ የገጹን ሸክም በኬላው ላይ ያራግፋልና። ከእነዚህም የታወቀው ሬይመንድ ሂል የተባለው ሰው የሠራው ዩብሎክ ኦሪጂን ነው። ሠሪው በነጻ ይሰጠዋል፤ ስጦታ እንኳ አይቀበልም። ይህ ቅጥያ ይሠራ የነበረው ገጹ የሚጠራውን እያንዳንዱን ነገር ራሱ እየመረመረ የማያስፈልገውን በመመለስ ነበር። ጉግል ግን ማኒፌስት ሦስት የተባለ አዲስ ደንብ አወጣ። በዚህም ደንብ መሠረት ቅጥያው ራሱ በኬላው ላይ መቆሙ ቀርቶ፣ የሚከለከሉትን ዝርዝር ጽፎ ለብራውዘሩ ማስረከብ ብቻ ተፈቀደለት፤ ብራውዘሩም በዝርዝሩ ያስፈጽማል። በአሮጌው ደንብ የተሠሩ ቅጥያዎች ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ በክሮም ላይ እየተዘጉ ሄደው በ2025 ፈጽመው ቀሩ። ለክሮም የቀረው ቀለል ያለው ዩብሎክ ኦሪጂን ላይት የተባለው ነው።

ጉግል የሰጠው ምክንያት ጥበቃና ፍጥነት ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ከማስታወቂያ የሚኖር ኩባንያ የማስታወቂያ ከልካዩን ጉልበት ቀነሰ ይላሉ። ከላይ የተነገረውን የግሬት ሰስፔንደርን ታሪክ የሰማ ሰው የመጀመሪያውን ምክንያት ውሸት ሊለው አይችልም፤ የ26.3 ቢሊዮኑን ዶላር ሒሳብ ያየም ሁለተኛውን ሐሜት ሊለው አይችልም። ሁለቱም እውነት ሆነው በአንድ ኩባንያ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ሞዚላ ግን ፋየርፎክስ አሮጌውንም አዲሱንም ደንብ እንደሚቀበል አስታውቆ በዚያው ጸንቷል፤ ስለዚህ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጂን በፋየርፎክስ ላይ ይሠራል። ብሬቭ የተባለው ብራውዘር ደግሞ ከልካዩን ቅጥያ ሳያስፈልገው በራሱ ውስጥ ይዞታል።

ይህ ለነጋዴ አስቸጋሪ ነገር መሆኑ አይካድም፤ ዕቃውን በማስታወቂያ የሚሸጥ ሰው የሌላውን ማስታወቂያ ሲከለክል ቢገኝ የሚታዘበው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ደካማ መሥመር ላለው ሰው፣ ወይም የመረጃ ጥቅል በሜጋባይት እየቈጠረ ለሚገዛ ሰው፣ ሙሉውን ከልካይ የሚቀበለው ብራውዘር የተሻለ መሆኑን መናገር ይገባል።

ፋየርፎክስም ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። በኅዳር 2017 ፍጥነቱን ለማሻሻል ሲል የቅጥያውን አሠራር ከሥሩ ስለለወጠው፣ ለብዙ ዓመታት የተደከመባቸው ቅጥያዎች በአንድ ቀን ከንቱ ሆነው ቀርተዋል። በግንቦት 2019 ደግሞ የቅጥያዎች ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት ጊዜው ሲያልፍ ሳይታደስ ስለቀረ፣ በዓለም ያሉ የብዙ ተጠቃሚዎች ቅጥያዎች ተዘጉ። የንግድ ፈቃዱን ማሳደስ ረስቶ ሱቁ የታሸገበት ነጋዴ ሞዚላን ለመረዳት አይቸገርም።

በሥራ ላይ እንዴት ይዋል?

ከላይ የተነገረው ሁሉ ሲታይ «አንዱን ብራውዘር ምረጥ» ከሚለው ምክር ይልቅ «ሁለት ያዝ» የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል። አንደኛው ምንም ቅጥያ ያልተጫነበት ሆኖ ለባንክ፣ ለጉምሩክና ለኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት፣ ለግብርና ለንግድ ምዝገባ ብቻ ይቀመጥ፤ ለዚህ ኤጅ ወይም ክሮም ይበቃል። ሁለተኛው ጥቂት የታመኑ ቅጥያዎች ያሉበት ሆኖ ገበያ ለማየት፣ አቅራቢ ለማፈላለግና ዜና ለማንበብ ይሁን፤ ለዚህ ደግሞ ፋየርፎክስ ከማስታወቂያ ከልካዩ ጋር ወይም ብሬቭ ይመቻል። የገንዘብ ሣጥኑና የዕቃው መደርደሪያ በአንድ ክፍል የማይቀመጡበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ባለሱቅ ያውቀዋል።

ብዙ ጊዜ የሚጫኑት ቅጥያዎች ደግሞ ያለ እነርሱ ሊኖር የሚቻልባቸው ናቸው። አማርኛ ለመጻፍ ቅጥያ የሚጭን ሰው አለ፤ የአማርኛ ገበታ ግን በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የመጣ ስለ ሆነ ከቅንብሩ ማብራት ብቻ ይበቃል፤ የሚጻፈውን ፊደል ሁሉ የሚያይ እንግዳ ማስገባት አያሻም። የይለፍ ቃል መያዣም በየብራውዘሩ ውስጥ አለ፤ ባንኩን መስሎ በተሠራ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ቃሉን በራሱ ስለማይሞላ ከሰው ዐይን ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ታብ የሚያስተኛውንም ሥራ ክሮም ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ራሱ ይሠራዋል። ከቻይና ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች የሚፈልጉት ትርጕም ሲሆን፣ ጉግል አማርኛን ከ2016 ጀምሮ ስለሚተረጕም በክሮም ላይ ያለ ቅጥያ ይገኛል። ነገር ግን የክሮም ትርጕም ጽሑፉን ወደ ጉግል ልኮ የሚመለስ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ለተሰቀለ የዋጋ ዝርዝር ይህ አያሳስብም፤ ለአንድ ነጋዴ ብቻ ለተጻፈ የዋጋ ማቅረቢያ ግን ያሳስባል። ፋየርፎክስ ከ2023 ጀምሮ ለአንዳንድ ቋንቋዎች ያስገባው ትርጕም ጽሑፉን ወደ ውጭ ሳይልክ በራሱ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሠራ ነው።

ቀድሞ የተጫኑትን ለመመርመር የቅጥያዎችን ገጽ ከፍቶ በወር ውስጥ ያልሠራበትን ማጥፋት ቀላል ሥራ ነው። በክሮምና በኤጅ ላይ የቀረውንም ቅጥያ ሁልጊዜ ሳይሆን ባለቤቱ ሲጫነው ብቻ ገጹን እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ሠራተኞች ያሏቸው አስመጪ ድርጅቶች ደግሞ ከተፈቀዱት ዝርዝር ውጭ ቅጥያ እንዳይጫን በሁሉም ኮምፒዩተሮቻቸው ላይ መከልከል ይችላሉ፤ ክሮምም፣ ኤጅም፣ ፋየርፎክስም ይህን ይፈቅዳሉ።

በስልክ ላይ የሚሠራው ባለሱቅ ጕዳይ ለየት ይላል። ክሮም በተራው የአንድሮይድ ስልክ ላይ ቅጥያ አይቀበልም፤ ይህም ለጥበቃ ሲታይ ጕድለት ሳይሆን ጥቅም ነው። ፋየርፎክስ ግን በአንድሮይድ ላይ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ቅጥያን በሰፊው ይቀበላል፤ ከልካዩም በዚያ ላይ ይሠራል። በአይፎን ሳፋሪ ከ2021 ጀምሮ ይቀበላል። በብዙ ስልኮች ላይ የሚታየው ኦፔራ ሚኒ ገጹን በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ጨምቆ ስለሚልክ ወጪ በመቀነስ የሚደርስበት የለም። ይሁን እንጂ እጅግ በሚጨምቅበት አሠራሩ ላይ ሲሆን ታሽጎ የመጣው ገጽ የሚፈታው በስልኩ ላይ ሳይሆን በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ነውና፣ ዜናና ዋጋ ለማንበብ ሲመች ለባንክ ሥራ አይሆንም።

በመጨረሻ፣ በዚያ በአምስቱ የዝምታ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ተብለው የተሠሩ ገጾች በልዩ ልዩ አገሮች እስከ አሁን አሉ። ኤክስፕሎረር ራሱ በሰኔ 2022 ተዘግቷል። እንደነዚህ ያሉትን ገጾች መክፈት ግዴታ የሆነበት ነጋዴ በኤጅ ቅንብር ውስጥ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አሠራር የሚለውን ማብራት ይችላል፤ ማይክሮሶፍትም ይህንን ቢያንስ እስከ 2029 ድረስ እንደሚያቈይ አስታውቋል።